ቤት ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት መሥራት፤ ወሬው ስንት፣ እውነቱ ስንት?

ሰሞኑን የካምፓችን ወሬ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ዞሯል። የውሃ ሰልፍ ላይ ቢሉ፣ ሻይ ቤት ቢሉ፣ ቡና ላይ ቢሉ «በኢንተርኔት ገንዘብ እየተሠራ ነው አሉ» የማይል ሰው የለም። በስልካችንም «ቤትዎ ቁጭ ብለው በቀን 50 ዶላር ያግኙ» የሚል መልእክት በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን ጠፍቷል።

ሰው ጆሮውን ቢሰጥ አይፈረድበትም። በ2025 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ እርዳታ ሲቀንስና ሲቋረጥ እዚህ ካኩማ ራሽናችን ምን ያህል እንደወረደ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ከዚያም ሰዉ በምድብ ተከፋፍሎ አንዱ ሻል ያለ፣ አንዱ ትንሽ የሚያገኝበት ጊዜ መጣ። ሥራ ቢፈለግም በኤጀንሲዎች ዘንድ ያለው ያው «ኢንሴንቲቭ» የሚባለው ነው፤ ስሙ ራሱ ደሞዝ አይባልም። ታዲያ እንዲህ ባለ ጊዜ «ቤትህ ቁጭ ብለህ ብላ» የሚል ሲመጣ ማን ዝም ይላል?

ስለዚህ እኛ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን ከብሎክ ብሎክ ዞርን። የሚሠሩትን አየን፤ የተበሉትንም ሰማን። ያነጋገርናቸው ሁሉ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን አልጻፍንም። ያገኘነውን ግን ሳንጨምር ሳንቀንስ እነሆ።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ብዙዎቻችን ይህ ነገር ትናንት የመጣ ይመስለናል። አይደለም። በ2009 ሳማሶርስ የተባለ ድርጅት ኬር ከተባለው የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ በዳዳብ ካምፕ ስደተኞችን ጥቃቅን የኮምፒውተር ሥራ ማሠራት ጀምሮ ነበር። ድርጅቱን በ2008 የመሠረተችው ሌይላ ጃና የተባለች ሴት ናት። ሐሳቧ «ለድሃ ከምጽዋት ይልቅ ሥራ መስጠት ይሻላል» የሚል ነበር። ሴትየዋ በ2020 ገና በ37 ዓመቷ አርፋለች። የዳዳቡ ሥራም አልዘለቀም።

በ2015 ደግሞ ናታካላም የተባለ ድርጅት ሊባኖስ ያሉ የሶርያ ስደተኞችን በኢንተርኔት አረብኛ እንዲያስተምሩና እንዲከፈላቸው አደረገ። ተማሪው አሜሪካ ወይም አውሮፓ፣ አስተማሪው ሊባኖስ፤ ትምህርቱ በስክሪን። ከ2016 ጀምሮም ዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከልና የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት በጋራ መጀመሪያ በዳዳብ፣ ቀጥሎም በካኩማ ወጣቶችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ማሠልጠን ያዙ። ከዚያ ሥልጠና ወጥተው ዛሬም የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ሥራው አለ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት አይደለም። ወተቱ ግን እንደሚወራው አይፈስም።

ሥራው ምን ምንድነው?

ያየናቸው ሥራዎች አምስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማልኛ። ሦስተኛው ለኮምፒውተር «ማስተማሪያ» ማዘጋጀት ነው፤ ፎቶ ይመጣላችኋል፣ መኪናውን በመስመር ትከቡታላችሁ፣ ሰውየውን ትከቡታላችሁ፣ «ይህ ዛፍ ነው» ትላላችሁ። አራተኛው ንድፍ ነው፤ አርማ፣ ማስታወቂያ፣ ድረ ገጽ መሥራት። አምስተኛው ቋንቋ ማስተማር ነው።

ሥራው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አፕወርክን በመሳሰሉ የሥራ ገበያዎች ነው። ገበያ ያልነው በምክንያት ነው። አሠሪው ሥራውን ይለጥፋል፤ ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከናይሮቢ የመጡ ብዙ ሰዎች «እኔ ልሥራው» ይላሉ። አሠሪውም ከዚህ በፊት ሠርቶ የተመሰገነውን ይመርጣል። ስለዚህ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ምስጋና ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ምስጋና ያስፈልጋል። አንድ ወጣት የመጀመሪያዋን ሥራ እስኪያገኝ ወራት እንደፈጀበት ነገረን። «ሞኝ ነህ ብለውኛል፤ ሞኝነቴ ግን ጠቀመኝ» አለን እየሳቀ። ገበያው ራሱም ከእያንዳንዱ ሥራ ድርሻውን እንደሚቆርጥ አትርሱ።

አንዲት እህታችን ቤት

አንድ ምሽት አንዲት የሁለት ልጆች እናት ወደሆነች እህታችን ቤት ሄድን። የምትሠራው አማርኛ ድምፅ እየሰማች መጻፍ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። በጥግ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ ከሶላር የሚሞላ ባትሪ፣ በጆሮዋ ማዳመጫ። ሌሊት የምትሠራው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ ሰው ሲተኛ ኔትዎርኩ ይፈጥናል፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ልጆቹ አሉ።

«ሰው ቀላል ይመስለዋል» አለችን። «እስቲ ሞክሩት።» ማዳመጫውን ሰጠችን። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ መኪና ያልፋል። አንዷን ደቂቃ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደመለስነው ባንናገር ይሻላል። እሷ በለመደ እጇ የአንድ ሰዓቱን ድምፅ ለመጨረስ ስድስትና ሰባት ሰዓት ይፈጅባታል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው። አንድ አሠሪ ለአንድ ደቂቃ ድምፅ 50 ሳንቲም ዶላር እከፍላለሁ አለ እንበል። የአንድ ሰዓት ድምፅ 30 ዶላር ይሆናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ሰባት ሰዓት ተጽፎ፣ አንድ ሰዓት ታርሞ፣ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ ገበያው ድርሻውን ይቆርጣል፤ ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ድርጅት ይቆርጣል፤ የኢንተርኔት ባንድል ይገዛል፤ ሶላር የሌለው ደግሞ ለጀኔሬተር ባለቤቱ ይከፍላል። በሰዓት የቀረውን ማስላት የናንተ ፋንታ ነው። ያም ሆኖ ለካምፕ ሰው ትንሽ አይደለም። ችግሩ 30ዋ ዶላር በየቀኑ አትመጣም።

እህታችንም እንዲህ አለች፦ «አንዳንድ ወር ከኢንሴንቲቭ የበለጠ አገኛለሁ። አንዳንድ ወር ደግሞ ባዶ ነው፤ ዜሮ። መጀመሪያ ባገኘሁት ለልጆቼ ጫማ ገዛሁ። ሁለተኛው ወር ላይ ይቀጥላል ብዬ በዱቤ ዱቄትና ዘይት ወሰድኩ። ሥራው ቀረ። ዱቤው አልቀረም።» ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ እጇ ሳይገባ በስሙ አንድ ሽልንግ እንደማትበደር ነገረችን።

ሌላም ያስቸገራት ነገር አለ። «ጎረቤቶቼ ቡና ሲጠሩኝ ሥራ ላይ ነኝ ብል ይስቃሉ። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ያለች ሴት ሥራ ፈት ትመስላቸዋለች። አሁን አሁን ግን አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አስተምሪልን ይሉኛል።»

ማሽኑስ?

«ኮምፒውተሩ ራሱ እየተረጎመ እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በጣም ተሻሽሏል፤ ድምፅ ሰምቶም ይጽፋል። ስለዚህ ሥራው ከባዶ ከመጻፍ ማሽኑ የጻፈውን ወደ ማረም እየዞረ ነው። ለእርማት የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኑ ገና የእኛን ጆሮ አላገኘም። በጽሑፍ «አለ» ስንል «ተናገረ» ማለት ይሁን «ይኖራል» ማለት፣ ላልቶ ወይም ጠብቆ ካልተነበበ አይታወቅም። «ዋና» ስንልም ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን የቢሮው አለቃ በወሬው ነው የሚለየው። የጎንደሩን፣ የወሎውን፣ የሸዋውን አነጋገር ለይቶ የሚሰማ ጆሮ አሁንም ይፈለጋል። ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ ወይም ኑዌር የሚችል ደግሞ የበለጠ ዕድል አለው። ስደት ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ ቋንቋ ግን ጨምሮልናል።

ገንዘቡ እጃችን የሚገባው እንዴት ነው?

ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ገንዘቡ ሲስተሙ ላይ ይታያል፣ እጁ ግን አይገባም።

ኤም-ፔሳ በ2007 ከተጀመረ ወዲህ በዚህ አገር ገንዘብ በስልክ መላክ እንደ ሰላምታ ቀሏል። የውጭ አሠሪ ግን በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ኤም-ፔሳ አይልክም። መጀመሪያ ፔይፓል ወይም ፔዮኒር ወደመሳሰሉት ይገባል፤ ከዚያ ነው ወደ ስልክ የሚወርደው። በኬንያ ፔይፓልን ከኤም-ፔሳ ጋር ማገናኘት የተቻለው ከ2018 ጀምሮ ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ ግን ስማችሁ አንድ መሆን አለበት። የሥራ ገበያው ላይ ያለው ስም፣ ፔይፓሉ ላይ ያለው ስም፣ ሲም ካርዱ ላይ ያለው ስም።

እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ነው በራሱ ስም ሲም ያለው? ካርድ ሳያወጣ በፊት በጓደኛው ወይም በጎረቤቱ ስም ያስመዘገበ ብዙ ነው። የአበሻ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ጸ» ፊደልን አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ይጽፋታል። የአባት ስም አንዱ ወረቀት ላይ መካከል፣ ሌላው ላይ መጨረሻ ይሆናል። አንድ ወንድማችን የሦስት ወር ልፋቱ በዚህ ምክንያት ተዘግቶበት አገኘነው። በአሊየን ካርዱና በማንዴት ወረቀቱ ላይ ስሙ በአንዲት ፊደል ይለያያል። «እኔ እኮ ያው እኔ ነኝ» አለን። ሲስተሙ ግን ይህን አይሰማም።

አንዳንድ ገበያዎች ደግሞ ፓስፖርት ወይም ብሔራዊ መታወቂያ ብቻ ነው የምንቀበለው ብለው የስደተኛ ካርድ ይመልሳሉ። ስለዚህ ምክራችን አጭር ናት፤ ሥራውን ከመፈለግ በፊት የገንዘቡን መንገድ ጥረጉ። ካርዳችሁ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ አሳድሱ። ስማችሁ የተዛባ ከሆነ አስተካክሉ። ሲሙን በራሳችሁ ስም አድርጉ። በአንድ ዶላርም ቢሆን ሞክሩትና እጃችሁ መግባቱን እዩ።

ሕጉስ ምን ይላል?

ይህን ባጭሩ እንለፈው። የኬንያ የስደተኞች ሕግ በኅዳር 2021 ተፈርሞ በየካቲት 2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ ስደተኛ በሥራ እንዲሰማራም በር ይከፍታል። ኡጋንዳ በ2006 ባወጣችው ሕግ ስደተኛው እንዲንቀሳቀስና እንዲሠራ ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያም ለምታስተናግዳቸው ስደተኞች በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1110 ተመሳሳይ መብት አስፍራለች። በር መከፈቱና ውስጥ መግባቱ ግን ሁለት ነገር ነው። እዚህ ከካምፕ ለመውጣት አሁንም የጉዞ ወረቀት እንጠይቃለን። የኢንተርኔት ሥራ ሰዉን የሚስበውም ለዚህ ይመስለናል፤ ድምፃችንና ጽሑፋችን ያለ ጉዞ ወረቀት ያልፋል። ወረቀታችሁን በተመለከተ ጥያቄ ካላችሁ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጡት ቢሮዎች ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሻይ ቤት ጠበቃ አትስሙ።

ጅቦቹን እወቋቸው

አሁን ወደ መራሩ ነገር እንምጣ። ያነጋገርናቸው ከሠሩት ይልቅ የተበሉት ይበዙ ነበር።

የመጀመሪያው ጅብ «መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚለው ነው። አንድ በእድሜ የገፉ ጎረቤታችን ታሪካቸውን ሲነግሩን እያፈሩ ነበር። «ቪዲዮ ላይክ አድርጉ፤ እንከፍላለን» ተባሉ። ላይክ አደረጉ። እውነትም 200 ሽልንግ ገባላቸው። በማግስቱ 300 ገባ። በሦስተኛው ቀን «ደረጃዎ አድጓል፤ ትልቁን ሥራ ለማግኘት 2,000 ያስይዙ» ተባሉ። አስያዙ። ስክሪኑ ላይ 9,000 ሽልንግ ታየ። «ለማውጣት 5,000 ይጨምሩ» ተባሉ። የዕቁባቸውን ገንዘብ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩም ግሩፑም ጠፋ። «500ዋን ሲሰጡኝ ነው የገዙኝ» አሉን። ልክ ናቸው። ትንሿ ክፍያ የወጥመዱ ሥጋ ናት።

ሁለተኛው አካውንት ማከራየት ነው። መታወቂያው የተመለሰበት ሰው ናይሮቢ ወይም አውሮፓ ካለ ሰው የተከፈተ አካውንት ይከራያል፤ ገቢውን ለሁለት ይካፈላሉ። ነገሩ የገበያውን ደንብ የሚጥስ ስለሆነ በተገኘ ቀን ይዘጋል። ሳይገኝም ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ሊሰወር ይችላል። ማን ዘንድ ተሂዶ ይከሰሳል?

ሦስተኛው የካርዳችሁንና የፊታችሁን ፎቶ የሚለምነው ነው። በእናንተ ስም ብድር ሊወሰድ፣ ሲም ሊወጣ፣ ሌላ ሰው ሊታለል ይችላል። ስማችን ተበላሽቶ ኬዛችን ላይ ጥላ ቢያጠላ ለማን እናስረዳለን?

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፤ ትኬቱን እኛ እንችላለን» የሚለው። በዚህ ዓይነት የሄዱ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠረ ግቢ ተዘግቶባቸው፣ እየተደበደቡ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል። በየካቲት 2025 ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የእኛው ልጆች ናቸው። ቤት ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ትኬት አያስቆርጥም።

ሌላው አደጋ ማታለል ባይሆንም ያው ያስለቅሳል። በመጋቢት 2024 ሪሞታስክስ የተባለው የፎቶ መለያ ሥራ በኬንያ ላሉት ሠራተኞቹ በድንገት ተዘጋ። ማታ ሥራ የነበረው ሰው ጠዋት አልነበረውም። በአንድ ገበያ ብቻ የተንጠለጠለ ከገበያው ጋር ይወድቃል።

ታዲያ ምን ይበጃል?

ከሚሠሩትም ከተጎዱትም የሰማነውን እንዲህ ጠቅለል አድርገነዋል።

አንደኛ፣ ሥራ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ አሠሪ የለም። ገንዘብ የሚሄደው ከአሠሪ ወደ ሠራተኛ ነው። አፕወርክን የመሳሰሉት ለማመልከቻ ትንሽ ዋጋ እንደሚጠይቁ እናውቃለን፤ እሱም ቢሆን በደንባቸው ላይ ተጽፎ የሚታይ እንጂ በቴሌግራም ለማይታወቅ ሰው የሚላክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ እጃችሁን አሠልጥኑ። ሳያዩ መጻፍ፣ በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ መጻፍ፣ በተባለው ሰዓት ማድረስ፤ እነዚህ ሦስቱ ከየትኛውም ዲፕሎማ ይበልጣሉ። በካምፓችን በነጻ የሚያስተምሩ ማዕከላት አሉ።

ሦስተኛ፣ ተሰባሰቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንድ ብሎክ ያሉ አምስት ወጣቶች በዕቁብ አንድ ላፕቶፕና አንድ ሶላር ገዝተው በፈረቃ ሲሠሩ አይተናል። ባንድሉንም ይካፈላሉ፤ ሴቶቹም ኔትዎርክ ፍለጋ በጨለማ መውጣት አይጠበቅባቸውም።

አራተኛ፣ ደብተር ያዙ። ስንት ሰዓት ሠራችሁ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ። ደብተሩ ኪሳራ ካሳየ ሥራው ይቅር። ደብተር አያፍርም፤ አይዋሽምም።

አምስተኛ፣ ያለውን ሥራ አትጣሉ። ሱቅ ያለው ሱቁን፣ እንጀራ የምትጋግር እህት ምጣዷን ይዛ ትሞክር። ዛሬ ባለው ሁኔታ የኢንተርኔት ሥራ ለአብዛኛው ሰው ደጓሚ እንጂ ምሰሶ አይደለም።

ስንሰናበት

ከዚያች እህታችን ቤት ስንወጣ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። ያን ቀን የምትገለብጠው ድምፅ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳ የገበያ ጨዋታ ነው። «ከአገሬ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ» አለችን፤ «ማዳመጫውን ሳደርግ ግን መርካቶ ውስጥ ነኝ። ዋጋ ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ ሲሳደቡ እሰማለሁ። አንዳንዴ ሥራውን ረስቼ ዝም ብዬ እሰማለሁ።» ከዚያ ፈገግ ብላ «በዚያ ሰዓት ግን አይከፈለኝም» አለች። በማግስቱ ጠዋት ማድረስ ስለነበረባት ተሰናብተን ወጣን። በሩን ሳንዘጋው ጣቶቿ መጻፍ ጀምረው ነበር።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ሥራ የተጠቀማችሁ ወይም የተጎዳችሁ ካላችሁ እንደተለመደው ጽፋችሁ በኮሚኒቲው ቢሮ ባለው ሳጥናችን ውስጥ ክተቱልን። ስማችሁን ባትጽፉም እንቀበላለን። በተለይ የተበላችሁ አትፈሩ፤ እናንተ ዝም ስትሉ ነው ጅቡ ወደ ሚቀጥለው ቤት የሚሄደው። እስከዚያው ደህና ሁኑ፤ የእጃችሁን ልፋት ያብስራችሁ።